ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ፦ የምናልፍባቸው ግን ያላየናቸው ሦስት በሮች

 

በዚህ ዝግጅታችን ስለ ሩቅ አገር ከተሞች ደጋግመን አውርተናል። ከእነዚህ አንዷ በደቡብ ጣሊያን፣ ፑሊያ በሚባለው ክፍለ አገር የምትገኘው ሉቼራ የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ታሪኳን ላልሰማችሁ በአጭሩ እናስታውሳችሁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን (እ.ኤ.አ.) የሲሲሊ ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ፍሬደሪክ በደሴቲቱ ይኖሩ የነበሩትን ሙስሊሞች ከቀያቸው ነቅሎ ሉቼራ ላይ አሰፈራቸው። እነሱም መስጂዳቸውን ሠሩ፣ መሬቱን አረሱ፣ በእጅ ሥራቸው ታወቁ፣ ለንጉሡም ወታደር ሆነው ዘመቱ። በ1300 (እ.ኤ.አ.) ነሐሴ ወር ላይ የኔፕልሱ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ከተማቸውን አጠፋው። ሰዎቹም ለባርነት ተሸጡ። ዛሬ ጎብኚ ወደ ሉቼራ የሚሄደው ከዚያ በኋላ የተሠራውን ካቴድራልና ከከተማዋ ጫፍ ያለውን ትልቅ ምሽግ ለማየት ነው። የሚገርመው፣ ስለ እነዚያ ሙስሊሞች ኑሮ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር የተገኘው ከራሳቸው ብዕር አይደለም። ግብር ካስከፈሏቸውና በመጨረሻም ከሸጧቸው ነገሥታት መዝገብ ነው።

ይህን የሰሙ አንዲት እናት፣ «የጣሊያኑን ሰማን፣ አላህ ይስጣችሁ። እኔ ግን ሰበታ ስኖር ሃያ ዓመቴ ነው፤ የሰበታን ታሪክ የነገረኝ ሰው የለም» ሲሉ አስተያየታቸውን ላኩልን። ነገሩ እውነት ነው። እኛም አዲስ አበባ ተቀምጠን ከዓመት ዓመት በእነዚህ ከተሞች እናልፋለን። ከሚኒባሱ መስኮት የምናየው ግን የጎሚስታ ቤትና የሲሚንቶ መደብር ብቻ ነው። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅት ሦስቱን ጎረቤቶቻችንን፣ ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን እንዘይራለን።

ሦስቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ አይደሉም። ሰበታ በደቡብ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ መሄጃው በዓለም ባንክ ሳይሆን በአየር ጤና በኩል ነው። ቡራዩ በምዕራብ፣ በአምቦና በነቀምት መንገድ፣ ዊንጌትንና አስኮን አልፎ ነው። ሱሉልታ ደግሞ በሰሜን፣ በአዲሱ ገበያ ወጥቶ የእንጦጦን ዳገት ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሄድ አብዛኛው ሰው ተመልሶ ወደ መሐል ከተማ ይገባል። ዋና ከተማዋ የምትጠጣው ውሃ፣ የምታነደው እንጨት፣ ለላሞቿ የምትቀልበው ድርቆሽ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነዋሪዎቿ ራሳቸው የገቡት በእነዚህ በሮች ነው።

ሰበታ

ከሰበታ በፊት ዓለም ገና የምትባለው ቦታ ትገኛለች። ከጉራጌና ከስልጤ የመጣ ቤተሰብ ይህችን ቦታ ማወቅ አያቅተውም። መንገዱ እዚህ ለሁለት ይከፈላል፤ ቀኙ ወደ ወልቂጤና ጅማ፣ ግራው ወደ ቡታጅራ፣ ወራቤና ሆሳዕና ይሄዳል። የዓረፋ ዋዜማ ሲደርስ ደግሞ መንገዱ መንገድ አይመስልም። ከመርካቶ ሱቁን ዘግቶ የተነሳው ነጋዴ፣ ሸንኮራና ዳቦ የጫነው፣ ልጆቹን በጭኑ ላይ ያስቀመጠው ሁሉ ወደ አገሩ ለመግባት ዓለም ገና ላይ ይተፋፈጋል። ለመስከረሙ መስቀልም ክርስቲያን ወገኖቻችን እንዲሁ ናቸው። አያቶቻችንም በዚሁ አቅጣጫ ወደ ቃጥባሬና ወደ አብሬት ሸኾች ለዚያራ ሲጓዙ በእግርና በበቅሎ ቀናት ይፈጅባቸው እንደነበር በዕድሜ የገፉት ይናገራሉ።

የጅማው መንገድ ታሪክ ከዚህም ይሰፋል። ጅማን ይገዙ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለአፄ ምኒልክ ገብረው፣ በግብሩ ልክ የራሳቸውን አስተዳደርና ሃይማኖት ጠብቀው የኖሩ ሙስሊም ንጉሥ ነበሩ። እስከ ዕረፍታቸው ዘመን፣ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ፣ የጅማ ቡና፣ ማር፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ወደ አዲስ አበባ ሲጎርፍ ነጋዴዎቹ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። በዚያው መንገድ በባርነት የተነዳው ሰውም ብዙ ነው፤ ይህን ሸፋፍኖ ማለፍ ታሪክ መናገር አይሆንም። መንገዱ ለመኪና እንዲሆን ተደርጎ የተሠራው በጣሊያን ወረራ 5 ዓመታት ውስጥ ነው። ጣሊያን ያበጀው ለጦሩና ለቡናው ቢሆንም፣ ጦሩ ሲባረር መንገዱ ለእኛ ቀረ።

ወደ ከተማዋ ስንገባ በስተቀኝ የሚታየው ትልቅ ተራራ ወጨጫ ነው። ቁመቱ ከባሕር ወለል በላይ 3,385 ሜትር ነው። በሌላኛው ጎኑ፣ በምዕራብ በኩል፣ የመናገሻ ሱባ ደን ይገኛል። እኛ ከሦስቱ ከተሞች ዙሪያ አንድ ቦታ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ይህንን ነው። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተራቆተውን ተራራ አይተው ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት። ታሪኩ በዝርዝሩ እንዲህም ይሁን አይሁን፣ ደኑ ግን በአፍሪካ ውስጥ በመንግሥት ጥበቃ ከቆዩት የጥንቶቹ መካከል የሚቆጠር ነው። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ኮሶው ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው እስኪሆን አድጓል። ከፍ ሲሉ አስታ ይጀምራል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ የምኒልክ ድኩላ ደግሞ ሹልክ ብሎ ሲጠፋ ይታያል። ከሰበታ አለፍ ብሎ ወደ ቀኝ የሚገባው የኮረኮንች መንገድ ወደ ደኑ ያደርሳል። በክረምት ጭቃው ስለሚያስቸግር ከጥቅምት በኋላ መሄድ ይሻላል። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ወፍራም ልብስ አትርሱ። ከግቢው ውጭ ቆማችሁ የተፈጥሮን ሥራ ስታዩ «ሱብሐነላህ» ማለታችሁ አይቀርም።

የወጨጫ ተራራ ለሰበታ ሌላም ስጦታ ሰጥቷታል፤ ውሃ። ዝናቡን ደኑ ይይዘዋል፣ ድንጋዩ ያጣራዋል፣ ከግርጌው ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በንጉሡ ዘመን የቢራ ፋብሪካ ሰበታ ላይ የተተከለው በዚሁ ውሃ ምክንያት ነው። ምርቱ ለእኛ የማይሆን ቢሆንም የውሃውን ጥራት መስካሪ መሆኑ አይካድም። የዓሣ ምርምር ማዕከልም የተቋቋመው እዚሁ ሰበታ ነው። ባሕር በሌላት ከተማ ዓሣ እንዴት ይጠናል ለምትሉ፣ በኩሬ እያረቡ፣ የትኛው ዘር በየትኛው ሐይቅና ግድብ እንደሚለምድ እየመረመሩ ጫጩቱን ለሌሎች ቦታዎች ያሰራጫሉ።

ሰበታን ከኢትዮጵያ ከተሞች ሁሉ ለየት የሚያደርጋት ግን ሌላ ነገር ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተቋቋመው የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚገኘው እዚህ ነው። ዓይነ ስውር ልጅ በየቤቱ ተደብቆ ወይም በየደጁ ተቀምጦ በሚለምንበት ዘመን፣ ከየክፍለ አገሩ የመጡ ልጆች በጣታቸው እየዳሰሱ በብሬል ማንበብን እዚህ ተማሩ። ከእነሱም መምህራን፣ የሕግ ባለሙያዎችና ሙዚቀኞች ወጡ። በኋላም ለአካል ጉዳተኞች የሚያስተምሩ መምህራንን የሚያሠለጥን ኮሌጅ በከተማዋ ተከፈተ። በየመድረሳችን ቁርኣንን በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር ሐፊዝ አይተን እናደንቃለን፤ በብሬል የሚያነብ ግን ስንት አለን? ይህን ጥያቄ ለሰበታ ጎረቤቶች እንተወዋለን።

ከሰበታ ወደ ጅማ መንገድ ስንቀጥል ተፍኪ ላይ ሜዳው ይሰፋል። የአዋሽ ወንዝ ገና ትንሽ ልጅ ሆኖ የሚፈስበት አካባቢ ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው ውሃ ይተኛበታል፤ ውሃው ሲሸሽ ጤፍና ሽምብራ ይዘራበታል። በበጋው ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ የሸሹ ኩርኪዎች፣ ረጃጅም እግር ያላቸው ትልልቅ ወፎች፣ በመቶዎች ሆነው ይወርዱበታል። ከመንገድ ዳር ቆሞ ለማየት ገንዘብ አይከፈልበትም።

በግራው፣ በቡታጅራው መንገድ የሄደ ደግሞ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የአዋሽን ወንዝ ሲሻገር መልካ ቁንጡሬን ያገኛል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። በ1963 (እ.ኤ.አ.) አንድ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ በወንዙ ዳር የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያዎችን አየ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ቁፋሮ የሰው ልጅ ቀደምቶች ከ2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ በአካባቢው እንደኖሩ የሚያሳዩ ቅሪቶች ተገኝተዋል። በአቅራቢያው ባልጪት የሚባለው ቦታ እንደ መስታወት የሚያበራ ጥቁር ድንጋይ አለበት፤ ሲሰበር እንደ ምላጭ ስለሚስል ጥንታውያኑ ለመቁረጫ ይጠቀሙበት ነበር። ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በዚሁ ድንጋይ ይፍቁ ነበር። መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍረዋል። በጎጆ ቅርጽ የተሠሩት ትንንሽ ቤተ መዘክሮቹ ብዙ ጊዜ ጭር ያሉ ናቸው። ለዓረፋ ወደ አገራቸው የሚጎርፉት መኪኖች በአጠገቡ ያልፉታል እንጂ አይቆሙም።

ሰበታ አሁን የባቡር መነሻም ሆናለች። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ሐዲድ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሐዲዱ እስከ ጅቡቲ ነጋድ ድረስ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የተመረቀው መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲሆን መደበኛ አገልግሎቱን የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ተሳፋሪው የሚሳፈረው ግን ወደ አዲስ አበባ ቀረብ ባለው የፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው። የድሮው የፈረንሳይ ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በዚያ ባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሐጅ ያደረጉ አባቶች ነበሩን።

ቡራዩ

ወደ ቡራዩ ለመሄድ በመሐል ከተማ አድርገን በምዕራብ እንውጣ። ወደዚያ አቅጣጫ ስንጓዝ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ከየት እንደመጣ ስንቶቻችን እናውቃለን? የአሶሳው ገዥ ሸኽ ኾጀሌ አል ሐሰን አዲስ አበባ ውስጥ መኖሪያ ነበራቸው፤ «ሸኽ ኾጀሌ» በሕዝብ አፍ ሲፈጥን «ሸጎሌ» ሆነ። ሸኽ ኾጀሌ የቤኒሻንጉልን ወርቅ ለምኒልክ ቤተ መንግሥት ይገብሩ የነበሩ ብርቱ ገዥ ነበሩ፤ በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ላይ ታስረው ቆይተው ወደ ግዛታቸው ተመልሰዋል። ከወለጋና ከአሶሳ የሚመጣው ያ ወርቅ የሚገባበት የምዕራቡ በር ቡራዩ ነው።

ይህ መንገድ ዋና ከተማችንን ከቦታዋ ሊነቅላት ትንሽ ቀርቶት ነበር። አዲስ አበባ በተመሠረተች በ15 ዓመት ውስጥ የአካባቢው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተቆርጦ አለቀ። የቀድሞ ነገሥታት ከተማ ማገዶ ሲያልቅ ድንኳን ነቅሎ መሄድ ነበር፤ ምኒልክም በ1900 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ አዲስ ዓለም ብለው ሌላ ከተማ ጀመሩ። ወደዚያም በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የሆነው የጋሪና የመኪና መንገድ በቡራዩ በኩል ተሠራ። ከተማዋን ከመነቀል ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ስለዚህ ማገዶው ወደ ከተማው መጣና ከተማው ወደ ማገዶው መሄዱ ቀረ። አዲስ ዓለም የተጀመረውም ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ባሕር ዛፍ ውሃ ይመጣል፣ መሬት ያደርቃል ብለን ስንወቅሰው፣ አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት የተገኘችው በእሱ ምክንያት መሆኑንም እናስታውስ።

ከቡራዩ ጋር ተያይዞ የሚነሳው ትልቁ ነገር የገፈርሳ ግድብ ነው። «ገፈርሳ» በኦሮምኛ ጎሽ ማለት ነው። ዛሬ በአካባቢው ጎሽ የለም፤ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ግድቡ ከጣሊያን መባረር ብዙም ሳይርቅ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ሲሆን በኋላም ከፍ እንዲል ተደርጓል። በ1970 (እ.ኤ.አ.) ለገዳዲ እስኪደርስ ድረስ የአዲስ አበባ ትልቁ የውሃ ምንጭ ገፈርሳ ነበር። ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ገፈርሳ ከከተማዋ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በምዕራብ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ሰው ዉዱእ ሲያደርግ ከቧንቧው የወረደለት ውሃ በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። ውሃው ለመጠጥ የተጠበቀ በመሆኑ መዋኘትና ማጠብ አይፈቀድም፤ በዳሩ ግን በአገራችን ብቻ የሚገኘው ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝዬ ሲሰማራ ይታያል። ማለዳ መሄድ ነው።

ከገፈርሳ አለፍ ብሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የገበሬ ሚሊሺያ በጥቂት ወራት ሠልጥኖ የወጣው ከዚህ ነው። ከእናንተ መካከል አባቱ ወይም አጎቱ «ታጠቅ ነበርኩ» ያለው ሰው ይኖራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ድንኳን ውስጥ አድሮ፣ አንድ ጎመን በልቶ ወጥቷል፤ ያልተመለሰውም ብዙ ነው።

ወደ ከተማዋ ጠጋ ያለው አሸዋ ሜዳ የሸማኔዎች መኖሪያ ነው። ከዶርዜና ከጋሞ ደጋ የመጡ ቤተሰቦች ጉድጓድ ቆፍረው፣ እግራቸውን ከመርገጫው ላይ አድርገው፣ ድርና ማግ እያገናኙ ጋቢና ነጠላ ያወጣሉ። አባት ይሸምናል፣ እናት ትፈትላለች፣ ልጅ ቀለም ያጠነጥናል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሳው ጥቃት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩም ተፈናቀሉ፤ ከተጎዱት የሚበዙት እነዚህ ሸማኔዎች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ የበቀል ስሜት የያዘው ወጣት ለጥፋት ተነሳ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ሣሩን አልፎ መርገጥ አልቻለም፤ ተመለሰ። ከቡራዩ ጋር ስሙ የሚነሳው ክፉ ነገር ብቻ እንዳይሆን ይህን ለልጆቻችን እንንገራቸው።

ሱሉልታ

የሱሉልታን መንገድ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው እንጦጦ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጫፍ አልፎ ወደ ሰሜን ሲወርድ የሚዘረጋው ሰፊ ሜዳ ሱሉልታ ነው። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የሜዳው ሣር ግን ሀብት ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ሣሩ ታጭዶ ይከመርና የአዲስ አበባ ወተት ላሞች የሚቀለቡት ድርቆሽ ይሆናል። ጠዋት የምንጠጣው ወተት አንዳንዱ ከሱሉልታና ከሰላሌ ራሱ የመጣ ነው፤ ሌላው ደግሞ ከሱሉልታ ሣር የተገኘ ነው። የከርሰ ምድር ውሃውም ተቆፍሮ በፕላስቲክ ጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል። የአገሩ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ በአጠገቡ የጠርሙስ ውሃ የጫነ መኪና ሲያልፍ ማየት ደስ አያሰኝም።

በዚሁ ሜዳ በ1928 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ በሦስተኛው ወር፣ ከሰላሌ የተነሱት የራስ ካሣ ልጅ ደጃዝማች አበራ ከተማዋን መልሰው ለመያዝ ጦር ይዘው በሰሜን በኩል መጡ። ሐምሌ 21 ቀን ውጊያ ተደረገ። ዝናቡና የጦሮቹ በአንድ ጊዜ አለመድረስ አከሸፈው። በማግስቱ አቡነ ጴጥሮስ በጣሊያኖች ተረሸኑ። እንጦጦን ስናቋርጥ ይህን የሚያስታውስ ምልክት በመንገዱ ዳር ባለመኖሩ እናዝናለን።

ዛሬ ሱሉልታን ዓለም የሚያውቃት በሯጮች ነው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅን የሚሸከሙትን ቀይ የደም ሕዋሳት ያበዛል፤ ሯጩ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ሲወርድ ትርፉ ጉልበት ይሆነዋል። የ5,000ና የ10,000 ሜትር ሪከርድን ለ15 ዓመታት ያህል ይዞ የቆየው ቀነኒሳ በቀለ የመሮጫ ሜዳና ማረፊያ የሠራው እዚህ ነው። በ2012ና በ2016 (እ.ኤ.አ.) ኦሊምፒኮች በሁለቱም ርቀቶች ወርቅ ያገኘው ሙስሊሙ ሯጭ ሞ ፋራህም በሱሉልታ ልምምድ አድርጓል። ከፈጅር ሶላት በኋላ በመንገዱ ዳር የቆመ ሰው በቡድን የሚሮጡትን ወጣቶች ያያል። አብዛኞቹ ስማቸው ገና አልታወቀም፤ ጫማቸውም ከአንድ በላይ ባለቤት ያለፈ ነው።

ስማቸው ወዴት ይሄዳል?

በ2000 ዓ.ም. እነዚህ ከተሞች በኦሮሚያ ክልል ውስጥ በፊንፊኔ ዙሪያ ልዩ ዞን ሥር ተጠቃለሉ። በ2006 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ጋር የሚያቀናጃቸው ማስተር ፕላን ሲሰማ መሬቱን የሚያጣው ገበሬ ልጆች ተቃወሙ፤ በ2008 ዓ.ም. ተቃውሞው ክልሉን አዳረሰ፣ ብዙ ሕይወትም ጠፋ፣ ፕላኑም በጥር ወር ተሠረዘ። በመስከረም 2009 ዓ.ም. የባቡሩ መስመር በተመረቀበት በዚያው ሳምንት ሰበታ ላይ ፋብሪካ ተቃጥሏል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ጎረቤቶቻቸው ጋር ሸገር በተባለ አንድ ከተማ ውስጥ ገቡ።

በዚያው ዓመት በሸገር ከተማ በርካታ መስጂዶች «ሕጋዊ አይደሉም» ተብለው ፈረሱ። ግንቦት 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ከጁምዓ በኋላ በአዲስ አበባ ታላቁ አንዋር መስጂድ በተነሳው ተቃውሞ የሰው ሕይወት አልፏል። አላህ ይዘንላቸው። የፈረሰ ቤት በሰነድ ይከራከራል። ሰነዱ ግን ማን ጋ አለ? በአብዛኛው መሬቱን የሰጠው ገበሬ ሞቷል፣ ቆርቆሮውን ያዋጣው ነጋዴ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፣ የመጀመሪያው ኢማም ስም በአንድ ሽማግሌ ራስ ውስጥ ብቻ ቀርቷል። የሉቼራን ነገር ደግመን ያነሳነው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በሦስቱ ከተሞች ላላችሁ ቤተሰቦች ጥያቄ አለን። በሰፈራችሁ ያለውን ያረጀ መስጂድ ማን ሠራው? በስንት ዓመተ ምሕረት? መሬቱን የሰጠው ሙስሊም ነበር ወይስ ሌላ ጎረቤት? የመጀመሪያው የመቃብር ቦታ የት ነበር? ሰፈሩ ከመከተሙ በፊት የቦታው ስም ምን ነበር? አያትን፣ ሐጂን፣ ቀድሞ የኖሩትን የኦሮሞ አባቶችና እናቶች ጠይቁ። የተናጋሪውን ስም፣ ዕድሜና የተናገሩበትን ቀን በደብተር ጻፉ፤ ያረጀ ደረሰኝ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ቅጂውን ያዙ። ደብተሩን ቤታችሁ አስቀምጡ፣ ግልባጩን ለእኛ ላኩልን። በመጪዎቹ ዝግጅቶቻችን ከዓለም ገና ጀምረን በየተራ እናነባቸዋለን፣ ኢንሻአላህ።